ማንም ሳይነካው

ልጁ በተወለደ በስድስተኛው ሳምንት፣ ሲስተር ሰዓት የጠዋቱን መድኃኒት ሳትይዝ ባዶ እጇን መጣች። ስሟ ሌላ ነው፤ እናቶቹ ግን ደረቷ ላይ ተዘቅዝቃ ከምትንጠለጠለው ትንሽ ሰዓት የተነሣ ሲስተር ሰዓት ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ አትከፋም።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ራቁት ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ ከላይ በሰፊ ጨርቅ አጥብቃ፣ ወንበሩ ላይ ጋለል ብላ ነበር። የሲስተርን እጅ አየች፤ መርፌ የሌላት፣ በአፍ የምታንጠባጥበው ትንሿ ሲሪንጅ የለችም።

«መድኃኒቱስ?»

«አበቃ። ከዛሬ ጀምሮ አንሰጠውም። እስቲ ራሱን ይቻል።»

ልብስ ሰፊዋ ደስ ሊላትም ሊከፋትም አልቻለም። ይህን መድኃኒት እንደ ሁለተኛ እናት ነበር የምታየው።

ልጁ የመጣው በሰባት ወሩ ነው፤ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ሊፍት ጠጋኙ ባሏ ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ ባየው ቀን፣ «እኔ ለገዛ ሠርጌ እንኳ ዘግይቼ ነው የደረስኩት፤ ይህ ማንን መስሎ ነው እንዲህ የቸኮለ?» ብሎ በአንድ ዓይኑ ሳቀ፣ በአንዱ አለቀሰ። ሁላቸውም በእሱ ትእዛዝ ስለሚተኙና ስለሚነሡም «አለቃ» ብሎ ጠራው። ስሙ ጸና።

አለቃ መቸኮሉ ሳያንስ የመርሳት አመልም ነበረበት። ይተነፍስ ይተነፍስና ቀጥ ይላል። ሆዱ አይነሣም፣ አይወድቅም። ከንፈሩ መጥቆር ይጀምርና ትንፋሹንና ልብ ምቱን የሚከታተለው ማሽን ይጮሃል፤ ነርሶቹ ይሮጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ ሆነ። ዶክተሩ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሲያስረዳ፣ «ሳንባው ደህና ነው፤ አንጎሉ ግን ገና ጥሬ ስለሆነ ተንፍስ የሚለውን ትእዛዝ ማስተላለፍ ይረሳል» አለ። «የሚያነቃቃ መድኃኒት እንሰጠዋለን። ካፌይን ይባላል።»

«ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው?» አለ ባሏ።

«ራሱ። ግን ንጹሕ ሆኖ፣ በክብደቱ ልክ ተለክቶ።»

አማቷ ብድግ አሉ። «ጡት በቅጡ ላልያዘ ልጅ ቡና? ነገ ደግሞ ሲጋራ ያዙለታ!»

«እማዬ፣ እኔስ ጠዋት አንድ ሲኒ ካላገኘሁ አንጎሌ መች ትእዛዝ ይሰጣል?»

«የአንተማ ከሰዓትም አይሰጥ!» አሉ እናቱ። ዶክተሩም ሳቀ።

መድኃኒቱ ግን ሠራ። በቀን ከአሥር ወደ ሦስት ወረደ፣ ከሦስት ወደ አንድ፤ ኋላ ማሽኑ ሳምንት ሙሉ ሳይጮህ ከረመ። አለቃ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ዶክተሩ መድኃኒቱ ይቁም አለ፤ ሲስተር ሰዓትም ባዶ እጇን የመጣችው ለዚህ ነው።

ባዶ እጇን ይባል እንጂ አንድ ወረቀት ይዛለች። በላዩ ሰባት ሳጥኖች ተሥለውበታል። የመድኃኒቱ ርዝራዥ ከደም ውስጥ እስኪወጣ ቀናት ስለሚፈጅ፣ ሕፃኑ ሰባት ቀን ሙሉ ትንፋሹ ሳይቋረጥ መክረም አለበት። አንድ ቀን በሰላም ካለፈ አንድ ሳጥን በሰማያዊ ይቀባል። አንዴ ካቋረጠ ወረቀቱ ተቀዶ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ሰባቱ ሲሞሉ ወደ ቤት ነው። እናቶቹ ወረቀቱን «ፓስፖርት» ይሉታል።

«ፓስፖርት ወጣልሽ!» አለች ከአጠገቧ ያለችው የመንታዎች እናት። «እኔ እንግዲህ የሁለት ሰው ነው የምጠብቀው።»

አንደኛው ሳጥን ተቀባ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ባሏ የአጎቱን ልጅ መኪና ለቅዳሜ ተዋሰ። አማቷ የቤቱን መጋረጃ ሳይቀር አወረዱና አጠቡ፤ «ለምርመራ የሚመጣ አለቃ ነው» ብለው።

ማሽኑ ዝም ያለበትን ምክንያት ግን ማንም አልጠየቀም። ልብስ ሰፊዋ ራሷም አልጠየቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚያ ክፉ ሳምንታት ማሽኑ ሲጮህ ነርሶቹ እየሮጡ መጥተው የሚያደርጉትን አይታለች፤ የልጁን የውስጥ እግር ቀስ አድርገው ኮርኮር ያደርጉታል፣ እሱም ብርግግ ብሎ ይተነፍሳል። መጀመሪያ ስታየው ተአምር መሰላት። እሷ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ክር ሊበጠስ ሲል ከመበጠሱ በፊት ድምፁ ይነግራታል። አለቃ ከሳጥን ወጥቶ ደረቷ ላይ መዋል ማደር ከጀመረ ወዲህ፣ የትንፋሹን ስፌት እንዲሁ አወቀችው። ትንሿ ሆድ ደረቷ ላይ ጸጥ ስትል፣ ማሽኑ ገና ምንም ሳይል፣ ሌባ ጣቷ በጨርቁ ሥር ሄዳ የውስጥ እግሩን ትነካዋለች። እሱ ይተነፍሳል፤ እሷም ወደ ወሬዋ ትመለሳለች። ሳታስበው የእጅ አመል ሆነ። ሌሊትም እንቅልፍ ውስጥ ሆና ጣቷ መንገዱን ያውቃል።

ልትበላ ወይም ልትታጠብ ስትወጣ ልጁን ለባሏ ወይም ለአማቷ ታስረክባለች፤ «ጸጥ ካለ እግሩን ንኩልኝ» ብላ። አማቷማ ተካኑበት። «ማሽኑን ሳልቀድመው የቀረሁበት ቀን የለም» እያሉ ይኩራሩ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዶክተሩ ሁለት ተማሪ ነርሶችን አስከትሎ መጣ። ወረቀቱን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህንን ጎበዝ እዩት» አላቸው። «መድኃኒቱ ከቆመ አምስት ቀኑ። ማንም ሳያስታውሰው፣ ማንም ሳይነካው ተንፍሷል። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ይህንን ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ጥቂት ሴኮንድ ጸጥ ብለው በራሳቸው ይመለሳሉ፤ ያ ደግ ነው። ሃያ ሴኮንድ ከሞላ ወይም ልብ ምቱ ከወረደ ግን ያን ጊዜ ማሽኑ ይነግረናል። ማሽኑ ሳይናገር እጃችሁን አታስገቡ።»

በዚያች ደቂቃ የልብስ ሰፊዋ ጣት በጨርቁ ሥር የልጇ እግር ላይ ነበር።

ፊቷ ጋለ። ጣቷን ቀስ ብላ አወጣችው፤ ከሌላ ሰው ኪስ እንደምታወጣ። ዶክተሩ ፈገግ ብሎላት አለፈ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ነክታዋለች? ሦስት? አራት?

ምሳ ሰዓት ላይ ለመንታዎቹ እናት ሹክ አለቻት።

«ውይ፣ ይኼ ነው ያስጨነቀሽ?» አለች የመንታዎቹ እናት። «እኔስ መች ሳልነካ ውዬ አውቃለሁ! ሁላችንም እንነካለን እኮ። ዝም በይ፤ ከነገ ወዲያ ቤትሽ ነሽ፤ እዚያ እንደ ልብሽ ንኪው።»

«ስተኛስ?»

«ባልሽ የለም?»

«ባሌ ከተኛ ሊፍት ከነሰዉ ቢወድቅ አይሰማም።»

የመንታዎቹ እናት ልትስቅ ጀምራ መሀል ላይ ተወችው። ዞር ብላ የራሷን ሁለት ልጆች አየች።

አማቷ በበኩላቸው ነገሩን ሲሰሙ መቀመጫቸውን ለቀቁ። «ልትናገሪ ነው እንዴ? ልጄ፣ የገዛ ልጅን እግር መንካት ከመቼ ወዲህ ወንጀል ሆነ? አምስተኛው ቀን ላይ ተደርሶ፣ መጋረጃ ታጥቦ፣ መኪና ተለምኖ! ሁለት ቀን አፍሽን ብትይዢ ምን ይልሻል?»

«እማማ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲሉ የሰማሁት ከእርስዎ ነው።»

«እኔማ ስለ ሽሮ ነው ያልኩት!» አሉ አማቷ፤ ተቆጥተው ግን አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ልጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ዓይኗን ጨፍና አሰበች። ደንበኛ ልብሱን ሊለካ ሲመጣ፣ ትከሻው ላይ፣ ወገቡ ላይ እስፒል ትሰካለች። መስታወት ፊት ሲቆም ልክክ ይላል፤ ደንበኛውም ይደሰታል። ልብሱን ልክ ያደረገው ግን ስፌቱ አይደለም፣ እስፒሉ ነው። በእስፒል የቆመ ልብስ ለብሶ ወደ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። እሷ ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ልጇን በእስፒል አቁማ ልክ ነው ስታሰኝ ከርማለች። እስፒሉ ሲነቀል ምን እንደሚሆን ዶክተሩ አያውቅም፤ እሷም አታውቅም። ይህን ስታስብ የቅዳሜው መኪና፣ የታጠበው መጋረጃ፣ ሁሉም ከልቧ ወረደ። ቤቷ ውስጥ፣ ማሽን በሌለበት፣ እንቅልፍ አሸንፏት ጣቷ መንገዱን ቢስትስ?

ልጁን ለአማቷ አስታቀፈቻቸው። «አይንኩት እሺ? ማሽኑ ካልጮኸ አይንኩት» አለቻቸው። አማቷ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ሲስተር ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ትጽፍ ነበር።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አትቆጪኝ።»

«እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ሳያስቆጣኝ ቀርቶ አያውቅም። ተናገሪ።»

ነገረቻት። ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩም። ሰባትም ስምንትም ይሆናል።»

«ሌሊትስ?»

«ደረቴ ላይ አይደል የሚያድረው? ተኝቼም እጄ ይሄዳል።»

«ስትወጪስ?»

«ባሌ ይነካዋል። አማቴም...»

«ሦስት ሰው!» ሲስተር ሰዓት ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ቶሎ ብላ በሳል ሸፈነችው። «ማሽን ሲጮህ ስሮጥ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ማሽን በሦስት ጣት ሲታፈን ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

«አሁን ምን ይሆናል?»

«ታውቂዋለሽ።»

አብረው ሄዱ። ሲስተር አራት ሳጥን የተቀባበትን ወረቀት አነሣችው፤ ለዶክተሩ ለማሳየት አጥፋ ኪሷ ከተተችውና አዲስ ሰቀለች። ሰባት ነጭ ሳጥን።

«ስሚ» አለቻት ሲስተር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ጠዋት አልጋው ላይ ይተኛል፤ አንቺ አጠገቡ ትቀመጫለሽ። ጡት ሲፈልግ ብቻ ታነሺዋለሽ። ማሽኑ ሳይጮህ አንድም እጅ አይደርስበትም። በራሱ ከተነፈሰ እሰየው። ካቃተው መድኃኒቱን እንመልስለታለን፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይጨምራል እንጂ ሰማይ አይደፋም። በአንቺ ጣት የሚተነፍስ ከሆነ ግን ማወቅ አለብኝ።»

ለባሏ ስልክ ደወለች። ነገሩን ነገረችው።

«መኪናውን ልመልስለታ እንግዲህ።» ቀጥሎም፣ «እኔም እኮ ትናንት ሁለቴ ነካሁት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እንኳን ተናገርሽ። እኛስ ሊፍት ጠግነን፣ ባዶውን ማንም ሳይነካው ሃያ ጊዜ ካልወጣና ካልወረደ መች ሰው እናስገባበታለን? አለቃም በዚሁ ይፈተን።» ለማጽናናት የተናገረው ለራሱም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አለቃ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሆዱ እንዲታይ የሸሚዙ ቁልፍ ተከፍቶ ተኛ። ከእግሩ ጣት ላይ ቀይ መብራት የሚያወጣ ሽቦ ታስሯል። ሲስተር ሰዓት ሁለት ወንበር ሳበች።

«እጅሽ የት ነው?»

«ይኸው።»

«አላመንኩትም። ከጭንሽ ሥር አድርጊው።»

ልብስ ሰፊዋ በሁለት እጇ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ተቀጣች ተማሪ። አማቷ ከወንበሯ ኋላ ቆሙ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልሆነም። ሆዱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ያ የምታውቀው ነገር መጣ፤ ትንፋሹ አነሰ፣ አነሰ፣ ቆመ። ከጭኗ ሥር ጣቷ ዘለለ።

ሲስተር ደረቷ ላይ ያለችውን ሰዓት ቀና አድርጋ ያዘች። «አራት። አምስት።»

«ሲስተር...»

«እሰማሻለሁ። ሰባት።»

ስምንት ላይ ነበር ሁልጊዜ የምትነካው። ስምንት አለፈ። ይህን ቦታ ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም፤ ከስምንት ወዲያ ልጇ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። አማቷ ትከሻዋን ጨምድደው ያዙ፤ እሷን ለማጽናት ይሁን የራሳቸውን እጅ ለማሰር አልተለየም።

«ዘጠኝ። የልቡን ቁጥር እዪ፣ ማሽኑ ላይ። ወረደ?»

«አልወረደም።»

«አልወረደም። አሥር። አሥራ አንድ።»

ልብስ ሰፊዋ እሷም መተንፈስ ማቆሟን አላወቀችም።

«አሥራ ሁ...»

ትንሿ ሆድ ተነሣች። ረዥም ትንፋሽ፣ ሽማግሌ ወንበር ሲያገኝ እንደሚተነፍሰው ያለ። ከዚያ አምስት ስድስት ፈጣን ፈጣን፣ እንደ ሯጭ፤ ከዚያም እንደ ድሮው ከፍ ዝቅ። ፊቱ አልጠቆረም። ዓይኑንም አልከፈተም።

«ማን ነካው?» አለች ሲስተር ሰዓት።

«ማንም።»

«እኔም ማንንም አላየሁ።»

አማቷ ትከሻዋን ለቀቁና ዘወር ብለው አፍንጫቸውን ተናፈጡ። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ እንባዋ ግን ሳቋን አልጠበቀም።

ቀትር ላይ ደገመው፤ ዘጠኝ ሴኮንድ። ከሰዓት በኋላ አሥር፣ ኋላም ሰባት። ሁሌም በራሱ ተመለሰ። በአራተኛው ላይ እጆቿ ከጭኗ ሥር ወጥተው ጉልበቷ ላይ ነበሩ፤ ማን እንዲወጡ እንደፈቀደላቸው አላስተዋለችም። ማታ ዶክተሩ መጥቶ ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ይህ ለዕድሜው ልክ ነው» አለ። «በራሱ ሊመለስ ሲል እየቀደምሽው ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያ ያኛው አምስት ቀንም ደህና ነበር?»

«ይሆናል። ግን አናውቀውም። ዛሬን ግን እናውቃለን።» ተነሥቶም የመጀመሪያዋን ሳጥን ራሱ ቀባት።

በደስታዋ መሀል አንድ ያልጠበቀችው ስሜት ሽው አለባት፤ ትንሽ ቅር አላት። ስንት ሳምንት ሙሉ ያለ እሷ ጣት የማይሆን የመሰላት ነገር፣ ያለ እሷም ይሆን ኖሯል። የመንታዎቹ እናት ፊቷን አይታ ገባት።

«ሥራ ፈታሽ፣ አይደል?» አለቻት። «ግድ የለም፣ ገና ዳይፐር አለ።» እሷም እጇን ከመንታዎቹ አልጋ ላይ አንሥታ ኪሷ ከትታ ነበር።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አለቃ ወደ እናቱ ደረት ተመለሰ፤ እጇ ግን ከጨርቁ በላይ። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ድንገት ጮኸ። ልጁን ታቅፈው የነበሩት አማቷ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ «አልነካሁም! ሰው ይመስክር፣ አልነካሁም!» ብለው ጮኹ። ሲስተር ሮጣ ስትመጣ አለቃ ሽቦውን ረግጦ ከእግሩ አውልቆት፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ይንጠራራል። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ሲስተር ሰዓትም በዚህኛው ጊዜ ሳቋን በሳል አልሸፈነችም።

አራት። አምስት። ስድስተኛው ቀን ላይ ልብስ ሰፊዋ ምሳዋን ውጭ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በላች። ሳህኗን ጨርሳ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቆየች፤ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። የቀሰቀሳት የአለቃ ለቅሶ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ይሰማል። ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ እንዳለው እያሰበች፣ ሳትሮጥ፣ ልታጠባው ገባች።

ሰባተኛው ሳጥን የተቀባ ዕለት ዶክተሩ ፈረመ፤ መኪናውም እንደገና ተለመነ። ሲስተር ሰዓት እስከ ደጃፉ ሸኘቻቸው። ምክሩን ሁሉ ደግማ ደጋግማ ነገረቻቸው፤ በጀርባው አስተኙት፣ አታፍኑት፣ ጡት በሰዓቱ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም እንደ ጨርቅ ከዛለ አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ አምጡት። ልብስ ሰፊዋ ጉንጯን ስማ ተለየቻት።

ባሏ መኪናውን እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ነዳው። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ልጇን ታቅፋ፣ አማቷ ከጎኗ ተቀምጠዋል። ቀይ መብራት ያዛቸው። ባሏ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ኋላ ዞረ።

«እየተነፈሰ ነው?»

ሆዱን አየች። ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዴ ጸጥ አለ፣ ጥቂት ቆየ፣ እንደገና ከፍ አለ።

«ነው እንጂ» አለችው። «አረንጓዴው በርቷል፤ ንዳ።»